ዛሬ ነገ የሚያሰኘን ማን ነው?

አንባቢ ሆይ! እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን ገጽ ዝቅ ያድርጉና ያሉበትን ክፍል ዙሪያውን ይመልከቱ። ከፊትዎ ምን አለ? ከጐንዎስ? ስልክዎ ከእጅዎ ስንት ክንድ ይርቃል? በሩን ከፍቶ ሊጠራዎ የሚችለው ማን ነው? ይህን ሁሉ የምጠይቅዎ ቤትዎን ልመረምር ፈልጌ አይደለም። ምናልባት ከሦስት ሳምንት ጀምሮ «ነገ እጀምረዋለሁ» እያሉ ያቆዩት ሥራ ይኖርዎ እንደ ሆነ፥ የዘገየበትንም ምክንያት ከልብዎ ውስጥ ብቻ ሲፈልጉት ከርመው እንደ ሆነ፥ ግማሹ ምክንያት እዚያው ክፍል ውስጥ ከእርስዎ ጋር ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

በአገራችን ሥራውን ለሚያዘገይ ሰው የተሰጠው ስም ብዙ ነው። ሰነፍ ይባላል፤ ታካች ይባላል፤ ሐኬተኛ፣ ዳተኛ፣ ልግመኛም ይባላል። እነዚህ ስሞች ሁሉ የሚወቅሱት ሰውየውን ነው። የተቀመጠበትን ቦታ የሚወቅስ ስም ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኛም መምህራን በተማሪው የውጤት ካርድ ላይ «ትጋት ይጐድለዋል» ብለን እንጽፍና ለወላጅ እንሰጣለን። ወላጅ ካርዱን አይቶ ይቈጣል፤ ልጁም ተቈጥተውት ሲያበቁ ወደዚያው ወደ ተለመደው ቦታ ተመልሶ ይቀመጣል። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ካርዱ ያንኑ ቃል ይዞ ይመጣል። በበኩሌ ትጋት የልብ ጠባይ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዘሩን ብቻ እየወቀሰ መሬቱን ሳያይ እንደሚቀር ገበሬ እንዳንሆን እፈራለሁ።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ውድና ባልደረቦቻቸው የሆኑ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ያደረጉትን አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር፤ ነገሩ ያስቃል። ወደ ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ ታደለ። ለከፊሎቹ የደረሳቸው ትኵስ ሲሆን ለቀሩት የተሰጣቸው ግን ከፈካ ሰባት ቀን ያለፈው፥ ጣዕሙ የጠፋ ፈንዲሻ ነበር። ታዲያ ሲኒማ በገቡ ቍጥር ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች የሰባት ቀኑን ፈንዲሻ ልክ እንደ ትኵሱ አድርገው በሉት። ሲጠየቁ አልጣመንም ይላሉ፤ እጃቸው ግን መመላለሱን አልተወም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሰዎቹን በስብሰባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሙዚቃ ፊልም እያሳዩ ፈንዲሻውን ቢሰጡአቸው፥ አሮጌው የደረሳቸው ብዙም አልነኩት። ሆዱ ያው ሆድ ነው፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው። (ቡና ሲፈላ በሳሕን የቀረበውን ፈንዲሻ ሳይርበን ስንዘግን የምንውል እኛ፥ ይህን ለማመን የሊቅ ምስክርነት አያሻንም ይሆናል።)

ከዚህ የከበደ ምሳሌ ልጨምር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከቬትናም ጦርነት ስለ ተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ሊ ሮቢንስ የተባሉት ሴት ተመራማሪ ጥናት አድርገው ነበር። ወታደሮቹ በጦር ሜዳ ሳሉ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሄሮይን በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ሱስ መያዙን የተናገረ ሲሆን፥ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱሱ የተያዙት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ያዩ ሁሉ ተደነቁ፤ የሄሮይን ሱስ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይመስላቸውም ነበርና። የአገር አየር ብቻ ፈወሳቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ዕፁን በርካሽ የሚያቀርበው ነጋዴ፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ፣ ፍርሃቱና ሥራ ፈትቶ መዋሉ ሁሉ እዚያው ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ሱስ ከቦታ ጋር እንዲህ የሚጣበቅ ከሆነ፥ «ነገ» የምትባለው ትንሿ ሱሳችን ከወንበራችንና ከአልጋችን ጋር ብትጣበቅ ምን ያስደንቃል?

የእኛ ሊቃውንት ይህን ነገር ሙከራ ሳያስፈልጋቸው ያወቁት ይመስለኛል። የአብነት ተማሪን ያስቡ። አንድ ልጅ ቅኔ ሊማር ሲነሣ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ከተወለደበት ቀዬ ርቆ ይሄዳል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ስመ ጥሩው መምህር የሚገኙት ሩቅ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። በመንደሩ ቢቀመጥ፥ ዛሬ ከብት ጠብቅ ይሉታል፤ ነገ አጨዳ ይደርሳል፤ ከነገ በስቲያ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ነው። እናቱም ጠዋት «ልጄ፥ እስቲ ዛሬን ብቻ» ትለዋለች። «ዛሬን ብቻ» ደግሞ በየቀኑ አለች። በባዕድ አገር ግን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ቍራሽ ለምኖ ከመጣ በኋላ ከመማር በቀር የሚሠራው ነገር አይኖረውም፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንደ እርሱ ተማሪዎች ናቸውና። ረኀቡን፣ ውሻውንና ቅማሉን ማሞገሴ አይደለም፤ ብዙ ልጅ ያለቀበት መንገድ ነው። የማደንቀው፥ ልጁን «ትጋ» ከማለት አስቀድሞ ትጋት ወደሚቀልበት ቦታ መውሰዱን ነው።

ከዚያም የቅኔ ቤቱን ሥርዐት ይመልከቱ። ተማሪው በቀን ከጎጆው ወጥቶ፥ ወደ ዱር ገብቶ፥ ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ያወጣል፤ ያወርዳል። ይህን ቅኔ መቍጠር ይሉታል። ማታ ተመልሶ የቈጠረውን በየኔታ ፊት ያቀርባል፤ እርሳቸውም ያርሙለታል። መነሻውም ረዥሙ ቅኔ አይደለም፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት። በሌላ በኩል የቃል ትምህርት የሚማሩት ልጆች ብቻቸውን ዱር አይሄዱም። ሌሊት በጎጆ ውስጥ አንድ ላይ ተቀምጠው፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ እየተቀባበሉ ይሉታል፤ አንዱ እንቅልፍ ቢጥለው የጓደኛው ድምፅ ይቀሰቅሰዋል። እንግዲህ አንዱ ትምህርት ብቸኝነትን፥ ሌላው ጉባኤን ይፈልጋል ማለት ነው።

ፈረንጆች ወደዚህ ነገር የደረሱት በብስክሌት በኩል ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ፥ ብስክሌት ነጂዎች ብቻቸውን ከሚነዱ ይልቅ ከሌላ ነጂ ጋር ሲሽቀዳደሙ እንደሚፈጥኑ ተመለከተ። ከዚያም አርባ ልጆች ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ በፍጥነት እንዲያዞሩ አደረገ፤ አንዳንድ ጊዜ ለብቻ፥ አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ልጅ ጐን ሆነው። ከአርባው ልጆች ሃያዎቹ ሰው ከጐናቸው ሲኖር ፈጠኑ። ዐሥሩ ምንም ለውጥ አላሳዩም። ዐሥሩ ግን ይባስ ብለው ዘገዩ፤ ተጣደፉ፥ እጃቸው ተሳሰረ። ይህ ልዩነት ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ በ1965 ዓ.ም. ሮበርት ዛየንስ የተባሉት ሊቅ፥ የሰው መኖር የለመዱትን ሥራ ያፈጥናል፤ ገና በመማር ላይ ያለውን ግን ያሰናክላል ብለው ፈቱት።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ እኔ ተማሪ ሳለሁ «አንድ ለአምስት» ይባል የነበረው አደረጃጀት ትዝ አለኝ። ስድስት ልጆች፥ አንዳቸውም ያልገባቸውን የሒሳብ ምዕራፍ ዘርግተው በክብ ይቀመጡ ነበር። ውጤቱን የዘመኑ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል፤ የምዕራፉ ስም ሳይያዝ የሠፈሩ ወሬ ይያዛል። ያው ቡድን አስቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የተማረውን ለመጠያየቅ ቢሰበሰብ ኖሮ በጣም በጠቀመ ነበር።

ታላላቆቹም ሰዎች ቢሆኑ በልባቸው ጽናት ብቻ አልተማመኑም። የጥንቱ የግሪክ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ንግግር የሚለማመድበት ክፍል ከመሬት በታች አሠርቶ፥ ቢፈልግ እንኳ አፍሮ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የራሱን ጠጕር አንዱን ወገን ብቻ ይላጭ እንደ ነበር ፕሉታርክ ጽፎአል። ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶር ሁጎ ደግሞ ለአሳታሚው ልብ ወለድ ሊሰጥ ተዋውሎ፥ ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው አልፎበት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. በቅጣት የሚያስፈራራ አዲስ ቀነ ገደብ ተቈረጠበት። ያን ጊዜ ያደረገውን ሚስቱ ኋላ ተርካዋለች። አንድ ጠርሙስ ቀለምና ሰውነቱን ሁሉ የሚሸፍን ግራጫ የሱፍ ልብስ ገዛ፤ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ልብስ ግን ቈለፈበት። እንዲህ አድርጎ ስለ ፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በ1831 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ጨረሰ፤ በመጋቢትም ታተመ። ሁጎ ጠንካራ ሰው ነበር ይሉናል። እኔ ግን ጥንካሬው ቍልፉን በመግዛቱ ላይ ይመስለኛል። ደግሞም አንዘንጋ፤ ልብሱን የሚቈልፍበት ክፍልና ምሳውን የሚያቀርብለት ሰው ነበረው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሥራን የምናዘገየው ለምንድን ነው? በ2013 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒኪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፥ ዛሬ ነገ ማለት ጊዜን ካለማወቅ የሚመጣ ሳይሆን ስሜትን ከማባበል የሚመጣ ነው ብለው ጽፈዋል። ይኸውም ሥራው ያስፈራል፤ ወይም ያሰለቻል፤ ወይም እንደማንችለው ይነግረናል። እኛም ከዚያ ደስ ከማይል ስሜት ለመሸሽ ወደሚቀርበን ደስታ ዘወር እንላለን። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አካባቢ የሚገባው፤ የሚሸሽ ሰው የሚገባው በቅርብ ወዳገኘው በር ነውና። ከመጽሐፉ አጠገብ ስልክ ካለ ወደ ስልኩ ይሸሻል፤ አልጋ ካለ ወደ አልጋው፤ ጓደኛው ጫት ይዞ ከተቀመጠ ወደዚያው። «ካልቃምሁ ማጥናት አልችልም» የሚለው የኮሌጅ ተማሪ፥ መጽሐፉን የሚያውቀው በዚያች ፍራሽ ላይ ብቻ ስለ ሆነ ይሆናል።

ስለ ስልክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስምንት መቶ የሚጠጉ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ከፊሎቹ ስልካቸውን በጠረጴዛ ላይ፥ ከፊሎቹ በኪስ ወይም በቦርሳ፥ የቀሩት ደግሞ በሌላ ክፍል አስቀምጠው የአእምሮ ፈተና ተፈተኑ። ስልኩ ባይጮኽም፥ ማንም ባይነካውም፥ የተሻለ የሠሩት በሌላ ክፍል የተዉት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የተደገሙት ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ስለዚህ እንደ ወንጌል አንያዘው። ነገር ግን ስልክን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ዋጋ አያስከፍልም፤ ሌላ ክፍል ላለው ሰው።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ስለ ጥናት የሚመክሩ መጻሕፍት «ጸጥ ያለ ክፍል ይምረጡ፤ ጠረጴዛዎን ያጽዱ» ይላሉ። ከማስተምራቸው ልጆች ውስጥ ጠረጴዛ ያላቸው ስንቱ ናቸው? መኝታው፣ ወጥ ቤቱና እንግዳ መቀበያው አንድ የሆነበት ቤት ሞልቶአል። ይልቁንም ሴቶቹ! ወንዱ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥ «ያጠናል» ይባላል፤ እኅቱ ብትቀመጥ «ሥራ ፈታች» ተብላ ሽንኵርት ይሰጣታል። እርስዋ የምታዘገየው የቤት ሥራ እርስዋ ያላዘገየችው ነው። መብራት የሚጠፋበትን ማታ ሳልቈጥር ነው ይህ ሁሉ።

በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ወደ ወመዘክር ይሄዳል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶለታል። እዚያ ሄዶ የተቀመጠ ልጅ መጽሐፉ ቢከብደው እንኳ ቀና ሲል የሚያየው ሌላ አንባቢ ነው፤ መነሣት ያሳፍራል። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ትምህርቱ በፈረቃ ስለ ሆነ፥ የጠዋቱ ተማሪ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ ባዶ ክፍል የለም። ቤተ መጻሕፍታችንም ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ወንበሩ ያልቃል። ስለዚህ ቦታውን ልለውጥላቸው ባልችል ጊዜውን ለወጥሁት። በ2002 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ዳን አርየሊና ክላውስ ቬርተንብሮክ በአሜሪካ በአንድ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም ለተማሪዎቻቸው ሦስት ጽሑፍ አዝዘው፥ ለአንደኛው ክፍል በእኩል ርቀት ሦስት ቀን ቈረጡለት፤ ሁለተኛውን ክፍል ግን «ቀኑን ራሳችሁ ምረጡ» አሉት። ብዙዎቹ ድክመታቸውን ዐውቀው ለራሳቸው ቀነ ገደብ አበጁ፤ ሆኖም ቀኖቹን በደንብ ስላላራራቁአቸው ውጤታቸው መምህሩ ከቈረጠላቸው ተማሪዎች አነሰ። እኔም የመንፈቀ ዓመቱን ድርሰት በሦስት ከፍዬ ሦስት ቀን ቈረጥሁለት፤ በመጀመሪያው ቀን የምቀበለው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ጉባኤ ቃና ይሁን ብዬ ነው።

በዚህም ዘዴ ያልተረዳ አንድ ልጅ ነበረኝ። በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጽሑፍ ግን አያስገባም። ዘንድሮ ፈተና አለበትና ነገሩ አሳሰበኝ፤ አባቱ ዘንድ ሄድሁ። ሰውየው ቀን በጥበቃ ሥራ ውለው ማታ ያርፋሉ፤ ከቤቱ ፊት ያለችውን ትንሽ ሱቅ የሚጠብቀው ልጁ ነው። «መምህር፥ ልጄ ሰነፍ ነው፤ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያፈጥበት ያመሻል እንጂ አንድ መስመር አይጽፍም፤ እባክዎ ይቅጡልኝ» አሉኝ። ሻይ አስመጡልኝና በለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። ልጁ ከባንኮኒው ጀርባ ደብተሩን ዘርግቶአል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ብቈጥር ሃያ ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ሳሙና፥ አንዱ ሁለት ዳቦ፥ አንዱ የስልክ ካርድ፥ አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ክብሪትና ጨው። ልጁ በተነሣ ቍጥር እስክሪብቶው ይንከባለላል፤ ሲመለስ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ያነበዋል።

«ጋሼ፥ እርስዎ የሱቁን ሒሳብ የሚደምሩት መቼ ነው?» አልኋቸው።

«ከዘጋሁ በኋላ ነዋ! ሰው እየገባ እየወጣ እንዴት ይደመራል?» አሉኝ።

ይህን ከተናገሩ በኋላ ወደ ልጁ ዘወር ብለው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ሻዩ እንዲጨመርልኝ አዘዙ። ነገሩን አላራዘምነውም፤ ሱቋ ለቤቱ ምን እንደ ሆነች እኔም ዐውቃለሁና ዝጉት አላልሁም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እርሳቸው ራሳቸው ከባንኮኒው ጀርባ ሊቆሙ፥ ልጁም በጓዳ በኩል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሊቀመጥ ተስማማን። የመጀመሪያው ክፍል ድርሰት ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። አንድ ገጽ ነው፤ የፊደል ግድፈት አለበት፤ የገባው ግን በቀኑ ነው። ስለ ቅዳሜ ማታ ገና አልተስማማንም፤ ለሱቋ ትልቁ ገበያ ያን ዕለት ነው።